የአትክልተኛው ፊዚክስ

የፊዚክስ መምህር ስለ ግቢ ማስዋብና ስለ አትክልተኛ ቅጥር ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም ብሆን እስከ 2010 ዓ.ም. ነሐሴ ድረስ የማስበው እንዲሁ ነበር። በዚያ ዓመት ከፍልሰታ ፍቺ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ ስምንት ሜትር የሚረዝመው የግቢዬ የድጋፍ ግንብ ተደርምሶ ከበታቼ በሚኖሩት ጎረቤቴ ማድቤት ላይ ወደቀ። ጎረቤቴ በዕድሜ የገፉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። በዚያ ሌሊት በዋናው ቤት ተኝተው ስለነበር ከአደጋው ተረፉ። ማድቤቱ፣ ምጣዱና ለፍቺው የጠነሰሱት የጠላ ጋን ግን ከጭቃና ከድንጋይ ሥር ቀሩ። ሲነጋ ይቅርታ ልጠይቅ ጭቃውን እየረገጥሁ ብወርድ፣ «አይዞህ ልጄ፤ እኔን ያተረፈ አምላክ ይመስገን» ብለው ያጽናኑኝ እርሳቸው ነበሩ።

ነገሩን ይበልጥ አሳፋሪ የሚያደርገው ግንቡን የጣለው ኃይል ለእኔ እንግዳ አለመሆኑ ነው። በየዓመቱ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ስለ ፈሳሾች ሳስተምር ከማልዘላቸው ጥያቄዎች አንዱ የግድብ ጥያቄ ነው፤ ጥልቀቱ ይህን ያህል የሆነ ውኃ በግድቡ ላይ የሚያሳርፈው አግድም ኃይል ስንት ነው? መልሱን ማንኛውም ትጉህ ተማሪ ያውቀዋል። የውኃው እፍግታ፣ የስበት ፍጥንጥነትና የጥልቀቱ ካሬ ተባዝተው ለሁለት ይካፈላሉ፤ የሚገኘው ውጤት በእያንዳንዱ የግድቡ አንድ ሜትር ርዝመት ላይ የሚያርፈው ኃይል ነው። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ዓመታት አልፈዋል። በገዛ ግቢዬ ውስጥ የነገሩኝ ግን ሳይንስ ፋኩልቲ ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ አንድ አትክልተኛ ነበሩ፤ እኔም አልሰማኋቸውም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው። ለግቢያችን ሰው ስንቀጥር የምንገዛው ምንድን ነው? ጉልበት ነው፣ ውበት ነው ወይስ ዕውቀት?

ቤቴ የሚገኘው ከእንጦጦ ግርጌ፣ ተዳፋት በሆነ ሠፈር ነው። ቦታው ተቆርጦ የተስተካከለ ስለሆነ ግቢዬ ከጎረቤቴ ግቢ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ይላል፤ ልዩነቱን ተሸክሞ የኖረው የድጋፍ ግንቡ ነው። ግቢው 200 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከውጭ አገር ተመልሼ ጥቂት ዓመታት ካስተማርሁ በኋላ፣ አረሙንና የተሰባበረውን ብሎኬት አስነሥቼ እንደ ሰው ደህና ግቢ እንዲኖረኝ ተመኘሁ። የሠፈሩ ሰዎች በመጀመሪያ የጠቆሙኝ በአካባቢው ብዙ ግቢዎችን የሚንከባከቡትን አንድ አዛውንት ነበር። የተወለዱት ኮንሶ ነው፤ አዲስ አበባ ከገቡ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

አትክልተኛው ሲመጡ ስለ አበባም ሆነ ስለ ሣር አንድ ቃል አልተናገሩም። መጀመሪያ የጣሪያውን አሸንዳ ቀና ብለው አዩ። ቀጥለው ወደ ግንቡ ጫፍ ሄደው ወደ ታች ተመለከቱና «ከሥር ያሉት ማን ናቸው?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ በዶማ ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ቆፍረው እፍኝ አፈር አወጡ፤ ጥቂት ውኃ ጠብ አድርገው አሹትና በመዳፋቸው መካከል እንደ ክር ያሽከረክሩት ጀመር። ክሩ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ አልተበጠሰም። ራሳቸውን ነቅንቀው «ይህ ውኃ ይይዛል፤ አይለቅም» አሉ።

በዚያን ጊዜ ይህን እንደ ልማድ ቆጠርሁት። ኋላ የምሕንድስና ባልደረባዬን ስጠይቀው ሳቀብኝ። ስዊድናዊው ኬሚስት አልበርት አተርበርግ እ.ኤ.አ. በ1911 የሸክላ አፈርን ጠባይ ለመለየት ያቀረበውና ዛሬም በአፈር ላቦራቶሪዎች የሚሠራበት ፈተና ከዚህ ብዙ አይርቅም። እርጥብ አፈር በእጅ መዳፍና በመስተዋት መካከል እየተሽከረከረ ክር ይሆናል፤ 3 ሚሊሜትር ያህል ቀጥኖ መሰባበር ሲጀምር በውስጡ ያለው የውኃ መጠን ይለካል። በእርግጥ ላቦራቶሪው ቁጥር ይሰጣል፣ አዛውንቱ አይሰጡም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ሁለቱ የሚያነሡት ጥያቄ ግን አንድ ነው። አፈሩ ደቃቅ ሸክላ ከሆነ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ስለሚሆን ውኃ በቀላሉ አያልፍም። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ በዲዦን ከተማ በአሸዋ በተሞላ ዐምድ ላይ ሙከራ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1856 ያሳተመው ሕግ ይህንኑ በሒሳብ ይገልጸዋል። በአሸዋና በሸክላ መካከል ያለው የማሳለፍ ችሎታ ልዩነት እጥፍ ወይም ዐሥር እጥፍ ሳይሆን ከሺህ እስከ ሚሊዮን እጥፍ የሚደርስ ነው።

አዛውንቱ የጠየቁኝ ነገር ዝርዝሩ አጭር ነበር። ከግንቡ ጀርባ አፈሩ ወጥቶ ጠጠርና ቀይ አሽ ይሞላ፤ በግንቡ ግርጌ ሦስት ቧንቧ አልፎ ይውጣ፤ የአሸንዳው ውኃ ለብቻው በቦይ ወደ መንገዱ ዲች ይሂድ። «ዶክተር፣ ግንቡ ይተንፍስ እንጂ» አሉኝ። እኔ የጠየቅሁት ሣርና አበባ ነበር። ለድንጋይና ለቧንቧ ገንዘብ ማውጣት ሥራ የማስረዘሚያ ዘዴ መሰለኝ። ለጉብኝታቸው የቀን ሠራተኛ ሒሳብ ሰጥቼ አሰናበትኋቸው፤ ያቺ ሒሳብ ዛሬም ታሳፍረኛለች።

ከዚያ በኋላ አንድ የግቢ ማስዋብ ድርጅት ቀጠርሁ። ስሙን ማንሣት አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የብቻው አልነበረምና። ወጣቶቹ ከኮምፒውተር የወጣ ባለ ቀለም ሥዕል ይዘው መጡ። በሥዕሉ ላይ ግማሹ ግቢ ውብ ንጣፍ፣ ግማሹ ለምለም ሣር፣ መካከሉ ላይ ትንሽ ፏፏቴ ነበረበት። የታችኛዋ ጎረቤት ግቢ በሥዕሉ ላይ አልነበረም፤ ነጭ ወረቀት ብቻ ነበር። ንጣፉ ጭቃ እንዳይዝ ወደ ሣሩ እንዲያዘነብል ተደረገ። የአሸንዳው ቧንቧም «ሣሩን በነፃ ያጠጣል» ተብሎ ወደዚያው ተለቀቀ። ሣሩ ከግንቡ ጥግ ነበር። ግንቡ ደግሞ እንዲያምር ከፊትም ከላይም በሲሚንቶ ተለስኖ አንዲት ቀዳዳ እንኳ አልቀረችውም። አዛውንቱ የጠየቁት የድንጋይና የቧንቧ ወጪ ለፏፏቴው ከከፈልሁት ያንስ እንደነበር ያወቅሁት ግንቡ ከወደቀ በኋላ ነው።

እስቲ አንባቢ ከእኔ ጋር ይቁጠር። ጣሪያዬ 100 ካሬ ሜትር ነው፤ ንጣፉም 100፣ ሣሩም 100። በክረምት አንድ ብርቱ ዝናብ 30 ሚሊሜትር ቢያወርድ፣ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ስለሆነ፣ በጣሪያውና በንጣፉ ላይ 6,000 ሊትር ይወርዳል። ከዚህ ውስጥ ከመቶ ዘጠናው ያህል ሳይሰርግ ይፈሳል እንበል፤ 5,400 ሊትር ወደ ሣሩ ይሄዳል። ሣሩ ራሱ የተቀበለው 3,000 ሊትር ሲደመር 8,400 ሊትር ይሆናል፤ በባለ 200 ሊትር በርሜል 42 በርሜል ማለት ነው። ከሰማይ የወረደው 30 ሚሊሜትር ሆኖ ሳለ ከግንቡ ጥግ ያለው አፈር የተቀበለው ግን 84 ሚሊሜትር ነው። የአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ በአማካይ 1,200 ሚሊሜትር ገደማ ሲሆን አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። እኔ ራሴ ከፍዬ፣ በግንቤ ጀርባ ያለውን የዝናብ ወቅት ሦስት እጥፍ ያህል አደረግሁት።

አሁን ወደ ጥቁር ሰሌዳው እንመለስ። አፈሩ ደረቅ በሆነ ጊዜ አንድ ሜትር ተኩል ቁመት ባለው ግንብ ላይ በየሜትር ርዝመቱ የሚያሳርፈው አግድም ኃይል በተለመደው ግምት 6 ኪሎኒውተን ያህል ነው። አፈሩ በውኃ ሲሞላ የቅንጣቶቹ ግፊት ስለሚንሳፈፉ ወደ ግማሽ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ውኃው የራሱን 11 ኪሎኒውተን ይዞ ይመጣል። ድምሩ ከ14 በላይ ይሆናል፤ ከደረቁ ጊዜ ሁለት እጥፍ አለፈ ማለት ነው። በስምንት ሜትር ሲባዛ የውኃው ድርሻ ብቻ የዘጠኝ ቶን ክብደት ያህል ሆነ። ማንም አሽከርካሪ ዘጠኝ ቶን የጫነ መኪና ከአንድ ሰው ማድቤት በላይ አስደግፎ ቤቱ ገብቶ አይተኛም። እኔ ግን ተኛሁ።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበት አንድ ነገር እዚህ ላይ አለ። ግድብ ሲባል ከጀርባው ሰፊ ሐይቅ ያለ ይመስላቸዋል፤ ግንቤን የገፋው ውኃ ግን በአፈርና በግንብ መካከል የቆመ ስስ ውኃ ነበር። ግፊት የሚወሰነው በውኃው ብዛት ሳይሆን በጥልቀቱ ነው። ፍሌሚሹ የሒሳብ ሊቅ ሲሞን ስቴቪን እ.ኤ.አ. በ1586 ባሳተመው ሥራ ይህን አሳይቷል። አንድ ጣት ስፋት ያለው ስንጥቅ ከላይ እስከ ታች ውኃ ከሞላው፣ ግንቡን የሚገፋው ሐይቅ ከኋላው እንዳለ ያህል ነው። ስለዚህም ሦስት ቧንቧ ትንሽ ነገር አይደለም። ቧንቧው ውኃውን ጨርሶ ማስወገድ አይጠበቅበትም፤ ከግንቡ ጀርባ ያለው የውኃ ከፍታ እንዳያድግ ማድረግ ብቻ ይበቃዋል። ኃይሉ ከከፍታው ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ የውኃውን ከፍታ በግማሽ መቀነስ የውኃውን ግፊት ወደ ሩብ ያወርደዋል። «ግንቡ ይተንፍስ» የተባለው ይህ ነበር።

አትክልተኛው ይህን ከየት አመጡት? ስቴቪንን አላነበቡም። የኮንሶ እርከኖች እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ የእርከኖቹ ባህል ከ400 ዓመት በላይ፣ ሃያ አንድ ትውልድ ያህል ወደ ኋላ ይዘልቃል። የእርከኑ ግንብ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ያለ ጭቃ ማያያዣ የተደረደረ ነው። ድንጋዩ አፈሩን ይይዛል፣ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት ትርፍ ውኃውን ይለቃል። በዚያ ተራራ ላይ የተሠራ ግንብ ውኃን ሊያፍን ቢሞክር ኖሮ ዛሬ የሚመዘገብ ቅርስ ባልኖረ። አዛውንቱ በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር እርከን ሲጠግኑ አድገዋል። እኔ ያንን ዕውቀት ከቤቴ ደጃፍ ድረስ በእግሩ መጥቶልኝ ሳለ የጉልበት ዋጋ ተመንሁለት።

በዚህ ረገድ የብቻዬ ኃጢአት ነው ብዬ ራሴን ብቻ አልከስም። በከተማችን ለግቢ የሚወጣው ገንዘብ ለዓይን የሚታየውን ተከትሎ ይሄዳል። ሊሾ፣ ንጣፍ፣ የተከረከመ ጽድ፣ ከሩቅ የመጣ ሣር ይከፈልባቸዋል፤ የሚቀበረው ቧንቧና የሚሞላው ጠጠር ግን አይታይም፣ ስለዚህም «ወጪ» ይባላል። ተዳፋት ላይ በተሠራ ከተማ ደግሞ የእኔ ግቢ ውበት የሌላው ሰው ጎርፍ ነው። ግቢውን ሙሉ በሙሉ በሲሚንቶ የደፈነ ሰው ጭቃውን አላጠፋም፤ ወደ ታች ላከው። «እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ» የሚባለው ወንዝ ብቻ አይደለም፤ በየደጃፉ የሚጀምር ነው።

ስለ ሣሩም ትንሽ ልበል። በበጋ ወራት ለምለም ሣር በቀን ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር የሚሆን ውኃ በትነት ያጣል። 4 እንኳ ብንወስድ ለ100 ካሬ ሜትር በቀን 400 ሊትር፣ ማለትም 20 ጀሪካን ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ይህን ያህል የተጣራ የመጠጥ ውኃ ለሣር ማፍሰስ ምን ዓይነት ኅሊና ይጠይቃል? እርግጥ ትነት ሙቀት ይወስዳል፤ አንድ ኪሎ ግራም ውኃ ሲተን 2.45 ሜጋጁል ያህል ይዞ ስለሚሄድ ሣር ግቢን ያቀዘቅዛል። ይሁንና አዲስ አበባ ዱባይ አይደለችም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ጋቢ ደርበን የምናድር ሰዎች ማቀዝቀዣ አላጣንም። አዛውንቱ ኋላ ላይ ከሣሩ ሁለት ሦስተኛውን አንሥተው በቦታው ወይራ፣ ጽጌረዳ፣ ደሾና ጥቂት እንሰት ተከሉ። የቀረው ሣር ልጆቼ ኳስ የሚጫወቱበትን ያህል ነው።

ሌላም አለ። ድርጅቱ በቤቱ ሰሜናዊ ግድግዳ ሥር ጥላ የሚወዱ ተክሎችን ደርድሮ ነበር፤ ሥዕሉ በአውሮፓ ወይም በሰሜን አሜሪካ ከተሠራ መጽሐፍ የተቀዳ ይመስለኛል። በእነዚያ አገሮች ፀሐይ በቀትር ምንጊዜም በደቡብ በኩል ስለሆነች ሰሜናዊው ግድግዳ ጥላ ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በቀትር ፀሐይ ከአናታችን በላይ የምትውለው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ሳምንት ነው፤ በእነዚህ መካከል ባሉት ወራት በሰሜን በኩል ታልፋለች። ሰኔ 14 ቀን አካባቢ 14 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ደግሞ 32 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። የእኔ ጥላ ወዳዶች በግንቦት ፀሐይ ተቃጠሉ። አዛውንቱ ሲያዩአቸው «ከሚያዝያ በኋላ ፀሐይ ወደ እንጦጦ እንደምትሻገር የነገራቸው የለም?» አሉ። በእውነት የነገራቸው አልነበረም። እኔም ማዕዘኑን አስልቼ ልነግራቸው ስችል አልነገርኋቸውም።

ይህን ሁሉ ስጽፍ የሠፈር አትክልተኛ የተባለ ሁሉ ሊቅ ነው፣ ድርጅት የተባለ ሁሉ አታላይ ነው ማለቴ እንዳይመስል። መቀስ ስለያዘ ብቻ አትክልተኛ ነኝ የሚል፣ ከግንብ ጥግ ባሕር ዛፍ የሚተክል ሰው ሞልቷል። መሐንዲስ ይዘው አፈር መርምረው የሚሠሩ ድርጅቶችም አሉ። እኚህ አዛውንት ራሳቸው የሚሳሳቱበት ነገር አይጠፋም። በቀትር ውኃ ማጠጣት ክልክል ነው ይላሉ፤ ምክንያቱን ሲጠየቁ ጠብታው እንደ ሌንስ ሆኖ ቅጠሉን ያቃጥለዋል ይላሉ። የሃንጋሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ይህን መርምረው፣ በለስላሳ ቅጠል ላይ ያረፈ ጠብታ ብርሃኑን አሰባስቦ ቅጠሉን እንደማያቃጥል አሳይተዋል፤ ጠብታው በቅጠሉ ላይ ተዘርግቶ ስለሚያርፍ ጨረሩ የሚሰበሰበው ከቅጠሉ በታች ነው። ጠጉራም ቅጠል ላይ ጠብታው ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ነገሩ ሊለይ ይችላል። እንግዲህ የአዛውንቱ ማብራሪያ ለአብዛኛው ተክል አይሠራም፤ ምክራቸው ግን ትክክል ነው፣ በቀትር የፈሰሰ ውኃ ሥር ሳይደርስ ይተናልና። ይህን ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና «እንግዲያስ ጠጉራሙን ለይቼ አየዋለሁ» አሉኝ። ከአንዳንድ ባልደረቦቼ እንዲህ ያለ መልስ ሰምቼ አላውቅም።

የዶክትሬት ትምህርቴን በተከታተልሁበት በጀርመን አትክልተኛነት የሦስት ዓመት ሥልጠና ተጨርሶ፣ ፈተና ታልፎ የሚያዝ ሙያ ነው። ከቅርንጫፎቹ አንዱ የግቢና የመሬት ገጽታ ግንባታ ሲሆን ሠልጣኙ ከተክል ጋር ንጣፍ፣ ግንብና የውኃ ማፋሰሻ ይማራል። ያን አገር ለማወደስ አይደለም የማነሣው፤ በጀርመን ሣር ቤቶችም ብዙ ከንቱ ነገር አይቻለሁ። የምለው ያ ሰው ሲመጣ ባለቤቱ ሙያ እንደሚገዛ አውቆ መክፈሉን ነው። እኛ ዘንድ ሙያው አለ፤ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከእርከን ወደ ከተማ ግቢ ተሸጋግሯል። ስም፣ ውልና ተመን ግን የለውም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ አረንጓዴ ዐሻራ በተባለው መርሐ ግብር ችግኝ መትከል አገራዊ ሥራ ሆኗል፤ የተተከለውን በግንቦት የሚያጠጣው፣ በክረምት ውኃውን የሚመራው ሰው ግን ዛሬም ስሙ «የቀን ሠራተኛ» ነው።

ስለዚህ ለግቢ ሰው የሚቀጥር ሁሉ አስቀድሞ ዋጋ ከመጠየቅ ይልቅ ሰውየው ራሱ ምን እንደሚጠይቅ ያዳምጥ እላለሁ። ውኃው ወዴት እንደሚወጣ፣ ከሥር ማን እንዳለ፣ አፈሩ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ስለ አበባ ቀለም የሚያወራ ሰው፣ ባለ ባርኔጣም ይሁን ባለ ኮምፒውተር፣ ግቢ ሊሠራ አልመጣም። የሚጠይቀውን ካገኛችሁ ደግሞ ለምክሩ ከሥራው ለይታችሁ ክፈሉት። ሐኪም መርፌ ባይወጋ እንኳ ለምርመራው እንከፍለው የለም?

ለእናንተ ለተማሪዎች ግን ሌላ ሥራ አለኝ። የቲማቲም ድልህ ወይም የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ፈልጋችሁ ከላይም ከታችም ክፈቱት። በግቢያችሁ ሦስት ቦታ፣ አንዱን ከዛፍ ሥር፣ አንዱን ሰው ከሚመላለስበት፣ አንዱን ከግንብ ጥግ መርጣችሁ አምስት ሴንቲሜትር ያህል ወደ አፈሩ አስገቡት። በማስመሪያ እየለካችሁ አሥር ሴንቲሜትር ውኃ ጨምሩበትና በየአምስት ደቂቃው ምን ያህል እንደወረደ መዝግቡ። የመጀመሪያውን ልኬት አትመኑት፤ ደረቅ አፈር መጀመሪያ ላይ ይስገበገባል። ፍጥነቱ እስኪረጋ ደጋግማችሁ ሙሉ። ከዚያ ውጤቱን በግራፍ ላይ አውጥታችሁ በአካባቢያችሁ ግቢ የሚሠራ አንድ ሰው አሳዩና ከመለካታችሁ በፊት የትኛው ቦታ ፈጥኖ ይጠጣል ብሎ እንደሚገምት ጠይቁት። ያለፈው ዓመት ሦስት ተማሪዎቼ ይህን አድርገው ነበር። አትክልተኛው አፈሩን በእግራቸው ረግጠው ብቻ ቅደም ተከተሉን በትክክል ነገሯቸው። ልጆቹ ቁጥሩን ጨመሩ፤ ከግንቡ ጥግ ያለው አፈር በሰዓት ስንት ሚሊሜትር እንደሚያሰርግ አዛውንቱ የሰሙት ያን ቀን ነው፤ ቁጥሩን በእርሳስ ግንቡ ላይ ጻፉት።

ግንቡ አዲሱ ግንብ ነው። ከፍታው ለሁለት ተከፍሎ በደረጃ ተሠርቷል፤ ከጀርባው ጠጠርና ቀይ አሽ አለ፤ የጎረቤቴ ማድቤትም በእኔ ወጪ እንደገና ተሠርቷል። ጎረቤቴ ከሦስቱ ቧንቧዎች የሚወርደውን ውኃ በበርሜል ያጠራቅሙና ጎመናቸውን ያጠጡበታል። ባለፈው ክረምት ከሁለቱ ደህና ሲወርድ ከሦስተኛው ጭል ጭል ብቻ እንደሚል አስተውለው፣ «ያንን ሰውዬ ጥራው፤ አንደኛው ታፍኗል» ብለው ላኩብኝ። አዛውንቱ ቅዳሜ መጥተው ሦስተኛውን ቧንቧ በረጅም ሽቦ ሲቆረቁሩ ዋሉ። የምክሩን ለብቻ፣ የሥራውን ለብቻ ከፈልሁ።